ወርቃ ዳገት ላይ የጠፋው እሳት

ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ስገባ ያጠፋሁትን ስልክ ስከፍት፣ የታናሽ ወንድሜ የምሕረቱ ጥሪ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ጠበቀኝ። ምሕረቱ ደጋግሞ የሚደውል ሰው አይደለም። ልቤ «ማን ሞተ?» አለኝ። ድሬዳዋ በጠዋቱ ሙቀቷን ጀምራለች፤ ከደጀ ሰላሙ ሳልርቅ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ መልሼ ደወልኩለት።

«እትዬ፣ ደህና አደርሽ?»

«ሰው ደህና ነው ወይ? እሱን አስቀድምልኝ።»

«ኧረ ሁሉም ደህና ነው። የአባባን ጂፕ ላስነሣት ነው ብዬ ነው።»

«የትኛዋን? ያቺን ከአቮካዶው ሥር ያለችውን?»

«ሌላ ጂፕ መቼ አለን! ትናንት ጎትተን አወጣናት። ውስጧ እንቁላል የሚጥሉት ዶሮዎች አኩርፈውናል።»

ሣቅሁ። ሣቄ ግን ብዙ አልሄደም፤ ቀጥሎ ያለው ነገር አቆመው። እኛ ካደግንባት ከዲላ ራቅ ብላ ካለችው ከወርቃ በላይ ያሉት ሰፈሮች ዝናብ ሲጠና አምቡላንስ አይወጣላቸውም፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነው የምትወርደው። የሰፈሩ ሰዎች ዲላ ድረስ ወርደው ምሕረቱን ለምነውታል፤ እሱም እሺ ብሏል። ክረምቱን እዚያው ከርሞ፣ ወላዶችን በጂፗ እስከ ደህናው መንገድ ሊያወርድ ነው። «ሞተሩ ጤነኛ ነው እትዬ፣ ፍሬኑንም ጨርሼዋለሁ። የማስነሻ እሳቱን ነገር፣ ከኮይል እስከ ካንዴላ፣ ግን አንቺ ወስኚልኝ። ምኑን ልቀይር፣ ምኑን ልተው? ከአባባ ጋር እጅሽን ያቆሸሽሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። እኔ የሰማሁት ወርቃ የሚለውን ብቻ ነበር። ድንጋይ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እረፍት የለኝም። ልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ክሩ ሲበጠስ ልብ አልልም። ማታ ውዳሴ ማርያም ስደግም መሐል ላይ ካንዴላ ይመጣብኛል፤ አማትቤ እንደገና ከላይ እጀምራለሁ። ባለቤቴ ያየኝና «በስተርጅና መካኒክ ልትሆኚ ነው?» ይለኛል። እሱ የሚያውቀኝ እዚህ፣ ደረቅ አገር ላይ፣ መቀስና ሜትር ይዤ ነው። ዝናብ እንደ ጎረቤት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የሚመጣባት ዲላ ውስጥ፣ ክንዴ እስከ ክርን በግራሶ ተለውሶ አላየኝም።

አባባ ከሰሜን በወጣትነቱ መጥቶ ዲላ የቀረ ሰው ነው። ጂፗን የገዛት ሥራውን ጨርሶ ከሚሄድ አንድ ፕሮጀክት ጨረታ ላይ ነው። ቀለሟ መጀመሪያ ነጭ ነበር ይባላል፤ እኔ የማውቃት ግን የጌዴኦ ቀይ አፈር ራሱ የቀባት ሆና ነው። ሸራ ጣሪያ፣ ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች፣ በገመድ የሚታሰር የነጂ በር። ጠዋት ሊያስነሣት ሲነሣ የሚለብሰው ካኪ ካፖርት ነበረው፤ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ምላጭ፣ ክብሪትና ቁራጭ ሸራ አለ። የዚያን ጊዜ ወጣቶች ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አሳድገው መነኸሪያው ጥግ ይቆሙ ነበር። ሴቶቹ አበባ ያለበት የናይለን ሻሽ እናስር ነበር፤ እኔ አንድ ሰማያዊ ነበረኝ፣ ለገበያ ቀን ብቻ። ከመነኸሪያው ማዶ ካለው ሻይ ቤት ቴፑ ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል፤ ክሩ ሲላላ ዘፋኙ እንደ ሰከረ ይጎተታል፣ ባለቤቱ ወጥቶ በእስክሪብቶ ይጠመዝዘውና ዘፈኑ እንደገና ቃናውን ያገኛል። አናናስ በመንገዱ ዳር እንደ ማገዶ ተከምሮ ይሸጣል፤ ለልጅ መርቀው ነበር የሚሰጡት። አንድ ካንዴላ በአንጻሩ የአንድ ደህና ዶሮ ዋጋ ነበር። እማማ አባባን «ዛሬ ደግሞ ስንት ዶሮ አጎረስካት?» የምትለው በዚህ ነው። አሁን ዲላ ውስጥ አናናሱም ዶሮውም እኩል ተወዷል አለኝ ምሕረቱ፤ ሻይ ቤቱ የነበረበት ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ባጃጁ መተላለፊያ አሳጥቷል።

አባባ ለምን እኔን መረጠ ብትሉ፣ ጣቴ ቀጭን ስለነበረ ነው። የቤንዚን ሞተር ቤንዚን ብቻውን አያስነሣውም፤ በልኩ ሰዓት እሳት መጫር አለበት። ከባትሪ የመጣውን ትንሽ ኃይል ኮይል የሚባለው፣ ትንሽ ጣሳ የመሰለው ዕቃ ያበረታዋል። ዲስትሪቡተሩ ደግሞ እንደ ድግስ ቤት አሳላፊ ለየሲሊንደሩ በተራ ያዳርሰዋል፤ መጨረሻ ካንዴላው ጫፍ ላይ ይፈነጥቃል። ይህን ሁሉ የምታዝዘው ግን ዲስትሪቡተሩ ሆድ ውስጥ የምትከፈትና የምትዘጋ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ፑንቲና ናት። ክፍተቷ ከጠበበ ሞተሩ ያስላል፤ ከሰፋም ይደክማል። የአባባ ወፍራም ጣት እዚያ አይገባም። እኔ ምላጩን ከነወረቀቱ በክፍተቷ አሳልፌ፣ «ነካ ነካ እያደረገ ያልፋል» ስል እሱ ብሎኑን ያጠብቃል። ስፌትንም የወደድኩት ከዚያ ይመስለኛል፤ ልክን በጣት ማወቅ።

እውነተኛው መካኒካችን ግን ዲላ አጠገብ ካለችው ከጪጩ የሚመጣው ጋሽ በየነ ነበር። ጌዴኦ ነው፤ ጴንጤ። አባባ ደግሞ አርብና ረቡዕን የማያልፍ ሰው ነው። ሁለቱ ኮፈኑን ከፍተው ሲሰሩ መናቆራቸው ለእኔ ከቴፑ ዘፈን ይበልጥ ነበር።

«ጋሽ ወልዴ፣ ዛሬም ጾም ነው?» ይላል ጋሽ በየነ፣ ካርቡራቶሩን እየነፋ።

«ነው። ምነው?»

«መኪናው ራሱ ቤንዚን ጾሟል፣ አልነሣ ያለው ለዛ ነው!»

«አንተን አይቶ ነው እንጂ፣ ጌታ ያነሣኛል ብሎ ዝም ብሎ የተኛው!»

ይሣሣቃሉ። እኔን ደግሞ «ይቺ ልጅ ጎበዝ ነው። ለኔ ስጠኝ፣ ጋራዥ እከፍትለታለሁ» ይል ነበር ጋሽ በየነ፣ አማርኛው ወንድና ሴት ሳይለይ።

ያገሩ ጠላት ዝናብ ነው። ውኃ ዲስትሪቡተሩ ክዳን ውስጥ ከገባ ወይም ገመዶቹ ላይ ከተኛ፣ እሳቱ መሄጃውን ትቶ በእርጥበቱ ይበተናል፤ ሞተሩ ቀጥ። ጋሽ በየነ ለዚህ መላ ነበረው። ከጓሮው ለጋ የእንሰት ቅጠል፣ ኮባ፣ ይቆርጣል፣ እንዳይሰበር በእሳት ለብ ያደርገዋል፤ ከዚያ ዲስትሪቡተሩንና ገመዶቹን እንደ ሙሽራ አከናንቦ በቃጫ ያስረዋል። ከጭስ ማውጫው እንዲርቅ ጫፉን ወደ ኋላ ያጥፈዋል። ስንመለስ ቅጠሉ ደርቆ ይሰባበራል፤ ለሚቀጥለው ጉዞ ሌላ። ከዲላ ውጭ ሞተር በኮባ ሲጠቀለል ያየ ሰው ካለ አላውቅም። እኛ ግን በኮባ ቆጮውን ጠቅልለን፣ ቂቤውን ጠቅልለን፣ ዝናብ ስንሸሽ ራሳችንን ጠቅልለን ያደግን ነን፤ ሞተሩ ምን ብሎ ይቀራል? በዚያ ኮባ ወናጎን፣ ገደብን፣ እስከ ወርቃ ዳገት ስንት ክረምት ወጥተን ወርደናል።

ከዕለታት አንድ ቀን አባባ ኃይለኛ ኮይል ገዝቶ መጣ። መነኸሪያው አጠገብ አዲስ መለዋወጫ ሱቅ ተከፍቶ ነበር፤ ባለ ሱቁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ሲናገር የሚጥም ሰው ነበር። «በዚህ ኮይል ውኃ ውስጥ ቢነክሩት ይነሣል፣ ቅጠል ምናምኑን ይጣሉት» ብሎታል። አባባ ቤት ገብቶ ቃል በቃል ደገመልን። ኮይሉ ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል። ሲገጠም ሞተሩ እውነትም በአንድ ምት ተነሣ፤ ሰፈሩ ወጥቶ አየ። ጋሽ በየነ ብቻ ራቅ ብሎ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። «ምነው በየነ፣ ቀናህ?» አለው አባባ። «ኧረ ጋሽ ወልዴ፣ ቆንጆ ነው። ግን ፑንቲናው የድሮው ነው። ይሄን ሁሉ ኃይል ይችላል ወይ? እኔ እንጃ። ኮባውንስ ምን አደረገህ?» አለ። አባባ ሣቀበት። ኮባው ቀረ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ያን የዝናብ ቀን ነው። ወርቃ ቡና ማጠቢያው ዘንድ የሚሠራ ሰው ሚስት፣ አስቴር የምትባል፣ ምጥ ይዟት መውለድ አቅቷት ነበር። አባባ፣ ጋሽ በየነና እኔ ጭነት አድርሰን ልንመለስ ስንል አገኙን። አስቴር የእኔ እኩያ ናት፤ ገበያ ቀን ዲላ ስትመጣ እኛ ቤት ቁጭ ብላ ታርፍ ነበር፣ ሰማያዊ ሻሼን አንድ ቀን አስሬላት ደስ ብሏታል። ያን ቀን ከኋላው አግዳሚ ላይ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኳት። ጋሽ በየነ ከፊት ከአባባ ጋር ነው። ከማጠቢያው ወርደን፣ ታች ያለችውን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን እንደጀመርን ሞተሩ አንዴ ሳለ፣ ደገመ፣ ከዚያ ጸጥ። የዝናቡ ድምፅ ብቻ ሸራው ላይ።

አባባ ቁልፉን ቢያዞር ቢያዞር የለም። ከላይ ከማጠቢያው ሰዎች ወረዱ፤ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ፣ ጆንያ የተከናነቡ፣ ሲገፉ «ሆ! ሆ!» ይላሉ፤ ጂፗ ትንሽ ወጥታ ትመለሳለች። አብረዋቸው የወረዱት ሴቶችና እኔ አስቴርን ተሸክመን መንገድ ዳር ካለ ቤት አስገባናት። እኔ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» እላለሁ፤ የቤቱ ሴቶች በጌዴኦኛ መዝሙር ይዘምራሉ፤ አንዳችን አንዳችንን አላቆምንም። አስቴር እጄን ይዛ «ሞተሩ ተነሣ?» ትለኛለች። «አሁን ይነሣል» እላታለሁ። ደግማ ትጠይቀኛለች። እዚያ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ሞተሩ እንደገና ሲጮህ አስቴር መጠየቅ ማቆሟን ነው።

ጤና ጣቢያ ደርሰን ተገላገለች። ሕፃኑ ግን አልቆየም። ያዋለደቻት ነርስ እጇን እየታጠበች «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን» አለች፤ ክፋት አልነበረባትም፣ ደክሟት ነው። አባባ ግድግዳውን ይዞ ቆሞ ሰማት። ከዚያ ወዲህ ጂፗን ወደ ወርቃ ነድቶ አያውቅም፤ ትንሽ ቆይቶም አቮካዶው ሥር አቆማት። ምን ሆና እንደቆመች ስንጠይቀው «እግዜር ያውቃል» ብቻ ነበር መልሱ። ጋሽ በየነም አባባን ላለማስቀየም ይመስለኛል፣ በእኛ ፊት አንሥቶት አያውቅም። አሁን ሁለቱም ዐርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

እንግዲህ ምሕረቱ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ያን ጊዜ ሕፃን ስለነበረ ምንም አያስታውስም። የዕቃዎቹን ፎቶ በስልክ ይልክልኛል፣ መነጽሬን አድርጌ አያለሁ። በአብዛኛው ተስማምተናል። የካንዴላ ገመዶቹ ሁሉ ይቀየሩ፤ ደህና ላስቲክ ያላቸው፣ ጫፋቸው የተሸፈነ። የዲስትሪቡተሩ ክዳንና ውስጡ የሚሽከረከረው አዲስ ይሁን፤ የክዳኑ ስንጥቅ ዓይን አያየውም፣ ውኃ ግን ያገኘዋል። ካንዴላዎቹ በልካቸው፤ ውድ ስለሆኑ የተሻሉ ናቸው ማለት አይደለም። ባትሪውን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው ገመድ ዝገቱ ይፋቅ፤ ሰው አዲስ ዕቃ ይገዛና እሱን ይረሳል። በፑንቲናው ፋንታ የሚገባው ኤሌክትሮኒክ ዕቃም ይሁን ብያለሁ፤ አይበላም፣ በየጊዜው ምላጭ አይፈልግም። ነገር ግን ዳገት ላይ ከሞተ እንደ ፑንቲናው በክብሪት ቀፎ ጎን ፍቀህ አታስነሣውም። ስለዚህ የድሮው ፑንቲና ተስተካክሎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ መኪናው ውስጥ ይቀመጥ አልኩት። «እሺ እትዬ» አለ።

ያልተስማማነው ኮይሉ ላይ ነው። ምሕረቱ ከሁሉ በላይ ኃይለኛ የሚባለውን ሊገጥም ይፈልጋል።

«ምሕረቱ፣ አባባ ያን ኮይል ገጥሞ አይደል የቆመው? ፑንቲናውን አቃጥሎበት ነው።»

«በምን ታውቂያለሽ? ኮባውን ስለተወ ውኃ ገብቶ ነው እንጂ! ውኃን የሚያሸንፍ ደግሞ ኃይለኛ እሳት ነው። ደሞ አሁን ፑንቲና የለበትም፣ ምኑ ይቃጠላል?»

«ኤሌክትሮኒኩስ? እሱም የሚችለው ልክ አለው። ከልኩ በላይ የሚስብ ኮይል ስታገናኘው ሲግል ውሎ ዳገት ላይ ነው የሚተውህ።»

«ሻጩ ይችላል ብሏል።»

«ያኛውም ሻጭ ብሎ ነበር!»

ከዚያ ኮይሉን በመለኪያ ለካው አልኩት፤ ጂፗ ላይ አሁን ያለውን። ለክቶ ደወለ። ተራው ነው፤ ቀዩ አይደለም። ቀዩ የለም። ታዲያ መቼ ወጣ? ያን ቀን ዳገቱ ላይ ጋሽ በየነ ፈትቶት፣ ሁልጊዜ ከወንበር ሥር የሚይዘውን አሮጌ ኮይል መልሶ ነው ሞተሩ የተነሣው? ወይስ ክዳኑን አድርቆ አስነሥቶ፣ አባባ በኋላ ተናዶ ነው ቀዩን የጣለው? እኔ እዚያ ቤት ውስጥ የአስቴርን እጅ ይዤ ነበር፤ አላየሁም። ምሕረቱ «ጋሽ በየነ ኮይሉን ሲቀይር ያየ ሰው ካመጣሽልኝ ኃይለኛውን እተወዋለሁ። ካላመጣሽ ግን ሻጩን ነው የማምነው» ብሎኛል። ግትር ነው፤ አባቱን ነው የወጣው።

ባለፈው ሳምንት ጨንቆኝ ለአስቴር ራሷ ደወልኩ። ጂፗ ትምጣልን ብለው ከለመኑት ሰዎች ፊተኛዋ እሷ እንደሆነች ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ድምፅዋ ወፍሯል፤ ሣቋ ያው ነው።

«እህቴ! አለህ? ጌታ ይመስገን! እዛ አገር ሙቀቱ አልገደለሽም?»

«አለሁ አስቱዬ። ስለ ጂፗ ነው...»

«እኔ መኪናውን አልከሰስኩም፣ አንቺ ለምን ትፈራለህ? ትንሽዋ ልጄ ክረምት ላይ ይወልዳል። በቃሬዛ እንዲወርድ አልፈልግም። መኪናው ይምጣ።»

«ምን እንደነካት ሳናውቅ?»

ከጀርባዋ ዶሮ ይጮሃል፣ ዝናብ የሚመስል ነገር ይሰማል። «እኔማ ውስጥ ነበርኩ። እናንተ ውጭ ያለውን ታውቃላችሁ ብዬ» አለችኝ። እኔም እሷ ታውቅ ይሆናል ብዬ ነበር የደወልኩት። ከዚያ ስለ ልጆቻችን አወራን።

እዚህ ድሬዳዋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ደመና የሚባል የለም። ጠዋት ተነሥቼ የዲላን ሰማይ ምሕረቱን እጠይቃለሁ። ትናንት «ወደ ገደብ በኩል ጠቁሯል» አለኝ።

ስለዚህ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው፤ ያን ቀን ከወርቃ ቡና ማጠቢያ ጆንያ ተከናንባችሁ ወርዳችሁ የገፋችሁልን። ስማችሁን አላውቅም፤ መልካችሁንም ዝናቡ ሸፍኖት ነበር። ከመካከላችሁ ለጋሽ በየነ መብራት ወይም መፍቻ የያዛችሁለት ትኖራላችሁ። ከኮፈኑ ሥር ምን አደረገ? ቀይ፣ ትንሽ ጣሳ የሚያህል ዕቃ ፈትቶ ሌላ ተካ? ወይስ ክዳኑን ከፍቶ በጨርቅ አድርቆ ብቻ ዘጋ? ዕቃው ሲወጣ እጁን አቃጥሎት እንደሆነም፣ የሰማችሁት ቃል ካለም፣ ምንም ትንሽ ቢሆን። ለእኔ መንገር ካልተመቻችሁ ለአስቴር ንገሯት፤ ቤቷ እዚያው ከእናንተው በላይ ነው። የአስቴር ልጅ ወሯ ሳይገባ ንገሯት።